ጨው የበላ መርፌ

በዘጠኝ ዓመቴ ውሸት በመርፌ የሚለካ ነገር ይመስለኝ ነበር። ሳቁብኝ እንግዲህ፤ ግን የእኔን ያህል ማስረጃ ያለው ልጅ በመላው ጎጃም አልነበረም። ዓይኔ እያየ ተለክቷል። ያውም ሽማግሌ ቆሞ፣ ቄስ መስቀል ይዞ፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ።

ዛሬ ቡሬ ውስጥ አንድ የእህል መጋዘን ነው የምሠራው። በየጊዜው የመጋዘኑን የእርጥበት መለኪያዎች አወርድና ልካቸውን አስተካክላለሁ። ቆርኪ ላይ ጨው አድርጌ፣ ጠብታ ውሃ አርከፍክፌ፣ ከመለኪያው ጋር ክዳን ያለው ብልቃጥ ውስጥ አሽጌ አሳድረዋለሁ። አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች፣ «ማርያማዊት፣ አሁን ጨው ምኑ ያስቃል?» ይሉኛል። እቴቴ ካሰች ትዝ እያሉኝ ነው፤ ምን ላድርግ።

እቴቴ ካሰች የአያቴ ታናሽ እህት ነበሩ። እናትና አባቴ ከቡሬ ወዲያ ገበሬዎች ስለሆኑ፣ ትምህርት እንዳይቀርባት ብለው ፍኖተ ሰላም እሳቸው ዘንድ አስቀመጡኝ። ቤቱ ውስጥ ሦስታችን ነበርን፤ እቴቴ፣ እኔና አክስቴ ያይኔአበባ። ያይኔ የእናቴ ታናሽ ናት። ገና ዳዴ ስትል እናቷ ስለሞተችባት ያሳደጓት እቴቴ ናቸው። አድጋ ዋናው መንገድ ዳር፣ ባጃጆቹ ከሚቆሙበት አጠገብ ልብስ ትሰፋ ነበር። ሠላሳን አልፋ ስላላገባች ሰፈሩ «ቆማ ቀረች» ይላታል። ነገሩ ግን የመጣውን ሁሉ የመለሱት እቴቴ ናቸው። የአንዱ ዘሩ አልጣማቸውም፣ የአንዱ ሳቁ አልጣማቸውም፣ አንዱን ደግሞ ፈረሱ ከስቶ አየሁት ብለው አባረሩት።

ደግሞስ ማን ይናገራቸዋል? የሰፈሩ የጽድቅ ሚዛን እሳቸው አይደሉ! ጾም የገደፈ፣ ቅዳሴ ያረፈደ፣ ነጠላ ያለ ቦታው ያጣፋ ከዓይናቸው አያመልጥም። «እኔስ ምንም አልል፤ እግዜር ይየው» ብለው ይጀምሩና እግዜር ሊያየው የሚገባውን ሁሉ እስኪመሽ ይዘረዝሩለታል።

የጓሮዋን ክፍል ያከራዩት ለዶክተር ቴዎፍሎስ ነበር። የከብት ሐኪም ነው። የሽንዲ ልጅ ሆኖ፣ አባቱ በሶማሌ ጦርነት ሲሞት መንግሥት በልጅነቱ ኩባ ልኮ ያስተማረው፣ ጎልማሳ ሆኖ የተመለሰ ሰው። በተገረመ ቁጥር «ሚራ!» ይላል፤ በስፓኒሽ «እዩ!» ማለቱ ነበር። እኔ ግን ባሕር ማዶ ትቷት የመጣ ሚራ የምትባል ሴት ያለችው መስሎኝ ያይኔ አንጀቴን ትበላው ነበር። ያይኔ አንድ ሸሚዝ ልትሰፋለት ትከሻውን ስንቴ እንደለካችው እኔ ነኝ የማውቀው። ትለካዋለች፣ ትረሳዋለች፣ እንደገና ትለካዋለች።

አንድ ቅዳሜ የክፍሉ በር ገርበብ ብሎ ዶክተሩ እጅ ላይ አንዲት ሳጥን አየሁ። እንደ መስታወት የተወለወለች ቡናማ ሳጥን፣ ክዳኗ ላይ ክብ መለኪያ ያላት። ሲከፍታት የጽድ እንጨት ሽታ ወጣ፤ ልክ እንደ ቤተ ክርስቲያን በር። ውስጧ ወፋፍራም ቡናማ ጥቅሎች ተደርድረዋል፤ በየወገባቸው ባለወርቅ ቀለም ወረቀት ታጥቀዋል።

«ጧፍ ነው?» አልኩት።

ወደ በሩ አየ፤ ወደ እኔ አየ። «እ... እንደ ጧፍ ነው። ይበራል» አለ።

«የኢየሩሳሌም?»

«ከዚያ ትንሽ ራቅ ይላል።»

ሲጋር ነበር። ከልጅነቱ አገር ያመጣው አመል ነው፤ አልፎ አልፎ አንድ አውጥቶ ከግቢው ጌሾ ጀርባ ተደብቆ ያጨሳል። ሲጋር ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ እርጥበት ሲበዛበት ይሻግታል፤ ሳጥኗም መለኪያውም ልኩን ሊጠብቁለት ነው። ይኼን ያወቅሁት አድጌ ነው። ያን ቀን ግን የኢየሩሳሌም ጧፍ የሚጠብቅ ሰው ግቢያችን ውስጥ በመኖሩ ኩራት ተሰምቶኝ ነበር።

«ይኼ መርፌ ውሸት ለምዷል» አለኝ መለኪያውን ከክዳኑ ላይ እየነቀለ። «መንገዱ አንገላቶት ነው። እውነቱን የሚያናግረው ጨው ብቻ ነው። ሂጂ ጨው አምጪልኝ።»

ጭብጥ አድርጌ አመጣሁ። ቆርኪ ላይ ነሰነሰውና ውሃ ጠብ አደረገበት። እንዳይሟሟ፣ እርጥብ አሸዋ ብቻ እንዲመስል፤ እጁ ላም የሚያዋልድ እንጂ ጨው የሚያረጥብ አይመስልም ነበር። ቆርኪውንና መለኪያውን ማርማላታ የነበረበት ብልቃጥ ውስጥ አስገብቶ ክዳኑን ጥርቅም አደረገ።

«ነገ ሰባ አምስት ማለት አለበት። ሌላ ካለ ይዋሻል።»

«ሰባ አምስት ያለው ማነው?»

«ጨው ነዋ! ኩባም ጨው ይኼንኑ ነው የሚለው፤ ሽንዲም ይኼንኑ።»

እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ። ጨው ለከብት እንደሚሰጥ፣ ጨው የላሰች ላም እንደምትገራ አውቃለሁ። መርፌውም ያን ብልቃጥ ውስጥ ጨውን እየላሰ የሚያድር መስሎኝ ነጋ አልነጋ ብዬ ጠበቅሁ። በማግስቱ ስናየው ሰማንያ ሁለት ይላል።

«ሚራ! ሰባት ዋሽቷል!» አለ ዶክተር ቴዎፍሎስ፤ ከበስተጀርባው ያለችውን ብሎን በቢላ ጫፍ ቀስ አድርጎ አዙሮ ሰባ አምስት ላይ መለሰው። «በቃ፤ ከእንግዲህ ሐቀኛ ነው። እስቲ ተንፍሺበት።»

ተነፈስኩበት። መርፌው ቀስ እያለ ተነሳ።

ከዚያ ቁልፉን ለያይኔ ትቶ ወደ ሰቀላ ወረዳ ከብት ሊከትብ ሄደ። ያይኔ ክፍሉን ልትጠርግ ስትገባ ከኋላዋ እየገባሁ መለኪያውን አነሳና ምርምሬን እቀጥላለሁ። አፌን አስጠግቼ፣ «የቤት ሥራዬን ሠርቻለሁ!» አልኩ ጮክ ብዬ። ተነሳ። ሲመለስ ጠብቄ፣ «አልሠራሁም» አልኩ፣ እቴቴ እንዳይሰሙኝ ሹክ ብዬ። ንቅንቅ አላለም። «ስኳሩን የበላሁት እኔ አይደለሁም!» ተነሳ። «እኔ ነኝ።» ዝም። ኧረ ጉድ ነው! ጨው የበላ መርፌ ውሸት ያውቃል።

የተማርኩት ትምህርት ዛሬ የሚለኝ ሌላ ነው። ጮክ ብሎ የተናገረ ብዙ ይተነፍሳል፣ ሹክ ያለ ጥቂት፤ መርፌው የትንፋሽ እርጥበት እንጂ ሌላ አያውቅም። በእኛ ቤት ግን ውሸት የሚነገረው በጩኸት ነበር፣ እውነት ደግሞ በሹክሹክታ። ስለዚህ ሙከራዬ አንድም ቀን ስቶ አያውቅም።

ዶክተር ቴዎፍሎስ እንደተመለሰ ሽማግሌ ላከ። ያይኔን ሊጠይቅ። ቀኑ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተቆረጠ። ያይኔ በደስታ የሰው ቀሚስ እጅጌ ገልብጣ ሰፋች። ቅዳሜ ወደ ማታ ላይ እቴቴ ጌሾው ሥር ደርሰው ሲመለሱ ግን አፍንጫቸው ተነፍቶ ነበር።

«በስመ አብ ወወልድ! ትምባሆ! ከግቢዬ ትምባሆ ሸተተኝ!»

ግቢው ተረበሸ። «ትምባሆ ጠጪ በአጥሬ ውስጥ እያለ ልጅ አልድርም! ነገ ሽማግሌዎቹ ለአውጫጭኝ ይቀመጡልኝ» አሉ። አውጫጭኝ ከብት ሲጠፋ፣ ክምር ሲቃጠል ነው፤ አገሩ ተሰብስቦ እየማለ የሚያውቀውን ያወጣል። ለሽታ ሲጠራ ግን የእሳቸው የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ያይኔ ወደ ጓሮዋ ክፍል በር ሄደች። እኔም ከግድግዳው ጀርባ ነበርኩ።

«እባክህ አላጨስም ብለህ ማልና ውጣ» አለችው። «ይኼ ሽምግልና ከተመለሰ ሌላ አይመጣም። ተመልሰህ ብትመጣም እኔ አልጠብቅም፤ ትዕግሥቴ አልቆብኛል።»

«ያለ እሳቸው ምርቃት እንሂድ። ሽንዲ ተዛውሬያለሁ፤ ቤት አለኝ።»

«ያሳደጉኝን ረግጬ? አላደርገውም።»

«እኔም በመስቀል ላይ አልዋሽም፣ ያይኔ። ሳጥኑን ወንዝ እጥለዋለሁ እንጂ አልዋሽም።»

 የኢየሩሳሌም ጧፍ ወንዝ ሊጣል! ያልሠራውን ሠራህ ብለውት ነው እንጂ ይኼ ሰው ምን በደለ? የሚያድነው አንድ ምስክር ብቻ ነበር፤ እሱንም የማውቀው እኔ ነኝ።

እሑድ ሽማግሌዎቹ መጡ። ዋናው ጎረቤታችን አያ ታከለ ናቸው፤ ሁለት ሰዎች አስከትለዋል። የንስሐ አባታችን ቄስ አድማሴም ነበሩ። እንደ ደንቡ ቆመው፣ «የመጣንበት ካልተሰማ አንቀመጥም» ሊሉ ገና ጉሮሯቸውን ሲጠራርጉ እቴቴ ቀደሟቸው።

«የመጣችሁበት ይቆይ! መጀመሪያ ትምባሆ ጠጪው ይውጣልኝ። ሁሉም በመስቀሉ ፊት ይማል።»

አያ ታከለ ግራ ተጋቡ። «እንዴ እሜቴ፣ እኛ እኮ ለሠርግ ነው የመጣን።»

«ሠርጉም የሚኖረው ይኼ ሲጠራ ነው!»

ያን ጊዜ ነው መለኪያውን ከነጠላዬ ሥር አውጥቼ መሐል የገባሁት። «አባታችን! ይኼ ውሸት ያውቃል!»

ዶክተር ቴዎፍሎስ ከበርጩማው ተነሳ። «ማርያማዊት፣ ኧረ እሱ...»

«ተው ልጄ፣ ትናገር» አሉ ቄስ አድማሴ፤ ዓይናቸው መርፌው ላይ ነው። «በምን ያውቃል?»

«በጨው! ጨው አብልተነው አድሯል። ሰው ሲዋሽ መርፌው ይነሳል።»

ጨው ሲባል ሽማግሌዎቹ ተያዩ። መርፌ ብቻ ብል ኖሮ ይስቁብኝ ነበር። አያ ታከለ ጠጋ ብለው አዩትና፣ «ጨውማ ከበላ ከባድ ነው። መንግሥት ዘንድሮ የማያመጣው ነገር የለም» አሉ። ዶክተር ቴዎፍሎስ ሊያስረዳ አፉን ከፈተ፤ የምን መለኪያ ነው ቢባል የሲጋሩ ነገር ሊወጣ ሆነና ወደ በርጩማው ተመለሰ።

መጀመሪያ ለአያ ታከለ አቀረብኩላቸው። ወደ ኋላ ሸሹ። «እኔን ጉንፋን ይዞኛል፣ ልጄ። የበሽተኛ ትንፋሽ የሰው ዕቃ ያበላሻል።» ሁለተኛው ሽማግሌ ነጠላውን እስከ አፍንጫው ሳበ። ሦስተኛው አንድ ነገር ረስቶ እንደመጣ ትዝ አለው። ወደ ቄስ አድማሴ ስዞር መስቀላቸውን ከፍ አድርገው፣ «ቀድሼ መምጣቴ ነው፤ የቀደሰ አፍ ለመርፌ አይሰጥም» አሉ።

«ፈሪ ሁላ!» አሉ እቴቴ። ከእጄ ነጠቁኝ። «ጨው ለራስህ ብለህ ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል!» አሉት መርፌውን፤ ከዚያ ከንፈራቸው ላይ ለጥፈው ሰፈሩ እስኪሰማ፣ «እኔ ካሰች! በዚህ መስቀል ፊት! ትምባሆ የሚባል ነገር እንኳን በአፌ፣ በአፍንጫዬም ዞሮ አያውቅም!» ሲሉ ማሉ።

መርፌው ተነሳ። ሰባን አለፈ፣ ሰማንያን አለፈ፣ መውጣቱን ቀጠለ።

«ተነሳ!» አልኩ። «አባታችን፣ ተነሳ!»

 ቄስ አድማሴ ጢማቸውን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉ። «እሜቴ፣» አሉ በለሰለሰ ድምፅ፣ «በአፍንጫዎ ዞሮ የማያውቅ ከሆነ፣ ትናንት የሸተተዎት ትምባሆ መሆኑን በምን ለዩት?»

የእቴቴ እጅ ሳያስቡት ወደ መቀነታቸው ሄደ፤ ከጎናቸው ያለችውን ቋጠሮ ጭብጥ አደረጉ። ሆዳቸውን ያመማቸው መስሎኝ አዘንኩ። ቋጠሮዋ ውስጥ ያለችው ሱረት መሆኗን፣ በየቀኑ ከቅዳሴ መልስ አፍንጫቸው ውስጥ የሚነሰንሷት የትምባሆ ዱቄት መሆኗን፣ ከእኔ በቀር ግቢው ሁሉ ያውቅ ኖሯል።

ዶክተር ቴዎፍሎስ ቀርቦ መለኪያውን ከእጃቸው ተቀበለ። እንዳይበላሽበት እንደሚሳሳለት ዕቃ ክንዱን ዘርግቶ ያዘው፤ ፊቱን ወደ ቄሱ አዙሮ፣ ቀስ ብሎ አንድ ነገር ተናገረ። እኔ ዓይኔን ከመርፌው አልነቀልኩም፤ ያለውን አልሰማሁም። መርፌው ወደ ታች ወረደ እንጂ ቅንጣት አልተነሳም።

«አልዋሸም!» ብዬ ጮህኩ፣ በደስታ እየዘለልኩ። «አያችሁ? አልዋሸም!»

ማንም አብሮኝ አልዘለለም። ያይኔ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ትከሻዋ ይርገፈገፋል። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ስትስቅ እንደነበር የነገረችኝ ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ሰውዬው ያለው፣ «አጨሳለሁ፣ አባታችን። ለእሷ ስል ግን እተወዋለሁ» ነበር።

ቄስ አድማሴ አንዴ ወደ እቴቴ፣ አንዴ ወደ መርፌው አዩ። «እንግዲህ ያመነና የተወ ምሕረት ያገኛል» አሉ። «የመርፌውን ነገር ግን... ምናልባት ጨው ጎድሎት ይሆናል። የእሜቴን ልክ ለመለካት አቅሙ አልደረሰም። እሜቴ ካሉ ሌላም ጨው አብልተን እንደገና እንሞክረው።»

«የለም የለም!» አሉ እቴቴ ፈጠን ብለው። «ሽማግሌ ምን ያቆማችኋል፣ ተቀመጡ እንጂ! ልጄን ሰጥቻለሁ። ያን የረከሰ ትምባሆ ግን አሁኑኑ ከነማስቀመጫው አምጣው፤ በገዛ እጄ አቃጥለዋለሁ።»

እልልታው ቀለጠ። ወደ ማታ ጌሾው ሥር እሳት ነደደ፤ ጥቅሎቹ ሁሉ ተቃጠሉ። እቴቴ ጭሱ መሐል ገብተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በአፍንጫቸው በረጅሙ እየሳቡ ቆሙ። የጧፉ ነገር አሳዝኗቸው የሚጸልዩ መስሎኝ ራቅ ብዬ ቆምኩ። ሳጥኗን ግን አላቃጠሏትም፤ «እንጨቱ ምን አጠፋ፤ ለዳዊቴ ማስቀመጫ ትሆናለች» ብለው ከነመለኪያዋ አልጋቸው ሥር ከተቷት።

ያይኔ ወደ ሽንዲ የሄደች ቀን ከእቴቴ በላይ እልል ያለ አልነበረም። «እንኳን ሄደች! ቤቴ ሰፋልኝ! እሰይ!» እያሉ መኪናው ከዓይን እስኪጠፋ ጮኹ። ከዚያ ገብተው የያይኔ አልጋ የነበረበት ጥግ ላይ ተቀመጡ፤ ራት አልበሉም። እኔ ግን ደስ ብሏቸው ነው አልኩ፤ እንዲያ ሲጮኹ ሰምቻቸዋለሁ እኮ።

ከዚያ ወዲህ በየጊዜው፣ «ማርያሜ፣ እስቲ ያን መርፌሽን ጨው አብይልኝ» ይሉኛል። አበላዋለሁ፣ አስተካክለዋለሁ። ነፍሳቸውን የሚመረምሩበት መስሎኝ ሳልጠይቅ እመልስላቸዋለሁ። ስምንተኛ ክፍል ሆኜ አንድ ቀን ሳጥኗን ብከፍታት ዳዊት የለ ምን የለ፤ በቆርቆሮ ሞልቶ የተቀመጠ ሱረት፣ በጋውን ሁሉ ያልደረቀ፣ ለስላሳ፣ ልኩን የጠበቀ። ሳቄን አፍኜ መልሼ ዘጋኋት። የዛሬ እንጀራዬን የተማርኩት እንግዲህ የእቴቴን ሱረት ስጠብቅ ነው።

ያለፈው ጥር ጠናባቸው ተብሎ ከቡሬ መጣሁ። ያይኔና ቴዎፍሎስ ከሽንዲ በመንገድ ላይ ነበሩ። እቴቴ አልጋቸው ላይ አንሰው አገኘኋቸው፤ ያ ሰፈር የሚያናውጥ ድምፅ የት እንደገባ እንጃ። ሳጥኗ ትራሳቸው ጎን ናት።

«መርፌው ደኅና ነው?» አሉኝ።

«ደኅና ነው፣ እቴቴ።»

«እውነቱን ይናገራል?»

አዎ አልኳቸው። ምን እንደሚለካ ልነግራቸው እችል ነበር፤ ሙያዬ ነው። አልነገርኳቸውም።

«እንግዲያ አቅርቢልኝ።»

ከክዳኑ ነቅዬ ከንፈራቸው አጠገብ ያዝኩላቸው። ዓይናቸውን መርፌው ላይ ተከሉ።

«ያይኔን የከለከልኩት በትምባሆ አልነበረም» አሉ። «ከዚያ በፊት የመጡትንም... ዘራቸው ምን ሆነ፣ ፈረሱስ ምን ሆነ። ብቻዬን እቀራለሁ ብዬ ፈርቼ ነው። አሥር ዓመቷን በላሁባት።»

ትንፋሻቸው የሕፃን ሹክሹክታ ያህል እንኳ አይሆንም ነበር። መለኪያውን ከከንፈራቸው ሳላርቅ ያዝኩላቸው።

«ተነሳ?» አሉኝ።

«አልተነሳም፣ እቴቴ።»

እፎይ አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከደጅ የመኪና ድምፅ፣ ከዚያ የያይኔ እርምጃ ተሰማ። እቴቴ እጄን ጨበጡኝ።

«እኔ ካልቻልኩ አንቺ ንገሪያት» አሉኝ። «ግን ጮክ ብለሽ እንዳይሆን።»